ጉድጓዱ ክረምት ክረምት ለምን ይሞላል? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ፍሳሽ ናቸው። ምሳ ላይ ከሆናችሁ ቆይታችሁ አንብቡት።

ጥያቄ፦ አርባ አባወራ በአንድ ሴፕቲክ ታንክ ነው የምንጠቀመው። በበጋ ደህና ነው። ሐምሌ ሲገባ ግን መጣጭ መኪና በላይ በላዩ እንጠራለን። ሌላ ትልቅ ጉድጓድ ብንቆፍርስ? (ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ኧረ አትቆፍሩ! መጀመሪያ ክዳኑን አንሥታችሁ እዩ። አምና ነሐሴ እኛ ግቢ መኪናው መጥጦ በሄደ በሦስተኛው ቀን ክዳኑን አነሣሁት። እስከ አፉ ሞልቷል። ውስጡ ያለው ግን ቀጠን ያለ የሻይ መልክ ያለው ውሃ ነው፤ ሽታውም ያን ያህል አልነበረም። በሦስት ቀን ያን ሁሉ የሞላው ሰው አይደለም፣ መሬቱ ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ክረምት የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ይልና በስንጥቁ ይገባል። ለካ ስንከፍል የኖርነው የዝናብ ውሃ ለማስመጠጥ ነው!

በበጋ ደግሞ በዚያው ስንጥቅ ፍሳሹ ይወጣል። «ደህና ነው» ያላችሁት ይህንን ነው። የሚሄደው ወደ ጎረቤት የውሃ ጉድጓድ፣ ሲብስም ወደ ጣና ነው። ስለዚህ መጋቢት ሚያዝያ ላይ አስመጥጡና ግድግዳውንም ወለሉንም ውሃ እንዳያሳልፍ አስለስኑ።

ጥያቄ፦ ለአንድ ሰፈር የሚሆን ትንሽ የፍሳሽ ማጣሪያ አለ ሲሉ ሰማሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሊቆም ነው? (ከግሽ ዓባይ)

መልስ፦ ሞተር የሌለው ዓይነት አለ፤ እሱ አይቆምም። ፍሳሹ መጀመሪያ ገንዳ ውስጥ ይረጋል። ከዚያ በተከታታይ ክፍሎች ወደ ታች እየወረደ፣ ወደ ላይ እየወጣ በዝቃጩ መሐል ያልፋል። እዚያ አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ይበሉታል። በመጨረሻ ፊላ ወይም ደንገል በተተከለበት የጠጠር አልጋ ውስጥ ያልፋል። የሚገፋው ቁልቁለቱ ነው። ግቢያችሁ ድፍን ሜዳ ከሆነ ግን መግቢያው ላይ ፓምፕ ሊያስፈልግ ይችላል።

ጠላቱ የኛው ወጥ ቤት ነው። የዶሮ ወጥ ዘይትና የሊጥ እጣቢ ቧንቧውንም ጠጠሩንም ይደፍናሉ። ከወጥ ቤት የሚመጣው መስመር ላይ የቅባት ማጥመጃ ጉድጓድ ይሠራ፤ ቅባቱም በየጊዜው ይጠረግ። ዝቃጩም በየሁለት ሦስት ዓመቱ መነሣት አለበት። ማኅበራችሁ የሚታመን ገንዘብ ያዥ ከሌለው ባትጀምሩት እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ እምቦጭ ቆሻሻ ያጣራል ይባላል። ጠጠሩ ላይ እሱን ብንተክልስ?

መልስ፦ ማጣራቱን ያጣራል፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይመጥጣል። ጣና ላይ እንዲህ የተንሰራፋውም እሱኑ እያገኘ ነው። መታየቱ ከተነገረበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስንት ሰው ወገቡ እስኪቆረጥ ነቅሎታል! አንዲት ቁራጭ በጎርፍ ብታመልጥ ትራባለች። ደግሞም ተንሳፋፊ ነው፣ ጠጠር አይሆነውም። ደንገል ደጃችሁ እያለ ምን በወጣችሁ?

ጥያቄ፦ ተጣርቶ በሚወጣው ውሃ ሰላጣ ባጠጣስ?

መልስ፦ ሰላጣ አይሆንም። ጥሬ ይበላላ! ውሃው ኩልል ቢልም ጀርም አይጠፋም፤ የወስፋት እንቁላል ደግሞ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ማንጎ ካለዎት ከሥሩ ያጠጡ፤ መሬት የወደቀውን ፍሬ ግን አያንሡ።

ጥያቄ፦ ሽታውን ለማጥፋት በየሳምንቱ በረኪና እጨምራለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይደሉም። የሚሠሩልዎትን ባክቴሪያዎች እየገደሉ ነው። ይልቅ የማስተንፈሻ ቱቦውን ይዩ፤ የኛን ወፍ ጎጆ ሠርታበት ነው ያገኘሁት።