ዝመናው የሚያልቀው ፓኬጁ ሲጫን አይደለም

ጠያቂያችን በመሥሪያ ቤታቸው ያለው የኡቡንቱ 22.04 (የሊኑክስ ሥርዓት) ሰርቨር ከአንድ ዓመት በላይ አንድም ፓኬጅ፣ ማለትም የሶፍትዌር ጥቅል፣ ሳይዘመንበት መቆየቱን፣ ቀደም ሲል ባደረጉት ዝመና ድረ ገጹ ቆሞ ስለነበር አለቃቸው «የሚሠራውን አትነካኩ» ብለው መከልከላቸውን ገልጸው፣ አሁን ማዘመኑ ይሻል እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላስ ዝመናው በራሱ ጊዜ እንዲካሄድ ቢተዉት ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም በዚሁ ሥጋት ውስጥ ያለፍሁ ስለሆንሁ በሰፊው ልመልስ። ያዘምኑ። አለቃዎ የፈሩት አደጋ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን አደጋውን የሚያሳድገው ራሱ መዘግየቱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ የምጠብቀው ሰርቨር እንዲሁ አሥራ አራት ወር ያህል ሳይነካ ቆየ። በመጨረሻ አንድ ምሽት ከቤቴ በኤስኤስኤች፣ ከርቀት ወደ ሰርቨር በሚያስገባው መንገድ፣ ገብቼ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማዘመን ተነሣሁ፤ ከሁለት መቶ በላይ ፓኬጆች ተሰልፈው ነበር። ሥራው እንደተጋመሰ የሰፈራችን መብራት ሄደ፣ ራውተሩም አብሮ ጠፋ። ሰርቨሩ ባለበት ቦታ መብራት አልጠፋም፤ ሆኖም ሥራውን ያስጀመርሁበት ተርሚናል ሲዘጋ ጫኙ ፕሮግራምም መሐል ላይ ቆመ። ተመልሼ ስገባ ብዙዎቹ ፓኬጆች ተፈትተው ገና ሳይዋቀሩ ቀርተው አገኘኋቸው። ፓኬጆችን የሚጭነውን ዲፒኬጂን የቀሩትን ሁሉ አዋቅሮ እንዲጨርስ አዘዝሁት፤ እርሱም ሥራውን ቀጠለና አንድ ጥያቄ አቀረበልኝ፦ የዌብ ሰርቨሩ ማዋቀሪያ ፋይል በእጅ ተለውጧልና የነበረው ይቆይ ወይስ ከፓኬጁ ጋር የመጣው ይተካው? እኔ በድካምና በጥድፊያ «አዎ» ማለት «ቀጥል» ማለት መስሎኝ ‹ዋይ›ን ተጫንሁ። በዚያች ቅጽበት ለሁለት ዓመት ያህል ያስተካከልሁት ፋይል በአዲሱ ተተካ፣ ድረ ገጹም ጠፋ። የቀድሞው ፋይል በስሙ መጨረሻ ላይ ‹ዲፒኬጂ-ኦልድ› የሚል ቅጥያ ተጨምሮለት እዚያው ማህደር ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ይህን ያወቅሁት ግን ሲነጋ ነው።

ስለዚህ ከርቀት ሲያዘምኑ ምንጊዜም ተርሚናሉን ሰርቨሩ ላይ ክፍት አድርገው በሚያቆዩት በስክሪን ወይም በቲመክስ ውስጥ ሆነው ይሥሩ፤ ግንኙነቱ ቢቋረጥም ሥራው ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል፣ ተመልሰው ሲገቡም ካቆሙበት ያገኙታል። ያ ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ አስቀድመው ‹ዲ›ን ተጭነው በሁለቱ ፋይሎች መካከል ያለውን ልዩነት ያንብቡ። ምንም ሳይመርጡ ኢንተር ቢጫኑ የሚቆየው የእርስዎ ፋይል ነው። እኔ ያን ሌሊት ይህን ባውቅ ኖሮ እተኛ ነበር።

በየሳምንቱ አምስት ስድስት ፓኬጅ የሚያዘምን ሰው አንድ ነገር ሲበላሽበት በቫር ሎግ ሥር ያለውን የአፕት (ፓኬጆችን አውርዶ የሚያዘምነው መሣሪያ) ሂስትሪ ሎግ፣ ማለትም የተዘመኑትን የሚመዘግብ ፋይል፣ ከፍቶ ጥፋተኛውን ወዲያው ይለያል፤ ሁለት መቶውን በአንድ ሌሊት ያዘመነ ግን ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ለአለቃዎ ማስረዳት ያለብዎ ዋና ነገር ይህ ይመስለኛል።

የእትም ቁጥር አለመለወጡም ብዙዎችን ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 የኤስኤስኤች ግንኙነትን በሚያስተናግደው በኦፐንኤስኤስኤች ፕሮግራም ውስጥ አደገኛ የደኅንነት ቀዳዳ መኖሩ ይፋ ሲሆን አዘጋጆቹ ያረሙት በ9.8ፒ1 እትም ነበር። ኡቡንቱ 22.04 ግን ባለበት 8.9ፒ1 ላይ ጸንቶ የእርምቱን ኮድ ብቻ ጨመረበትና እትሙ 8.9ፒ1-3ኡቡንቱ0.10 ሆነ። የፊተኛውን ቁጥር ብቻ አይተው «አልታረመም» በማለት ከምንጩ ኮድ ራሳቸው የሚገነቡ አሉ፤ በዚህ መንገድ የተጫነውን ፕሮግራም አፕት ስለማያውቀው ከዚያ በኋላ የሚያዘምነው አይኖርም።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ፓኬጁ ተጫነ ማለት አዲሱ ኮድ ሥራ ላይ ዋለ ማለት አይደለም። ብዙ ፕሮግራሞች ለምስጠራ በጋራ የሚጠቀሙበት የኦፐንኤስኤስኤል ላይብረሪ ሲዘመን ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ይተካል፤ ቀድሞ የተነሣው ፕሮግራም ግን ሪስታርት እስኪደረግ ድረስ አሮጌውን በሜሞሪው ይዞ ይቀጥላል። ለሦስት ሳምንት «ተዘምኗል» ብዬ ሪፖርት ያደረግሁበትን ሰርቨር አንድ ቀን ኤልሶፍ በሚባለው ትእዛዝ ስፈትሸው፣ የዌብ ሰርቨሩ ከዲስክ የተሰረዘውን አሮጌ ላይብረሪ እንደያዘ ነበር። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ኒድሪስታርት የተባለው መሣሪያ ከዝመና በኋላ ሪስታርት የሚያስፈልጋቸውን አገልግሎቶች ዘርዝሮ ስለሚጠይቅ እባክዎ ሳያነቡ አይለፉት። የሥርዓቱ እምብርት ለሆነው ለከርነል ደግሞ ሪቡት፣ ማለትም ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሣት፣ የግድ ነው፤ በቫር ራን ሥር ‹ሪቡት-ሪኳየርድ› የሚል ፋይል ካለ ሰርቨሩ ገና ሪቡት እየጠበቀ ነው።

በራሱ ጊዜ ይዘመን ወይ ላሉት፣ የደኅንነት እርምቶቹን አዎ። አንአቴንድድ-አፕግሬድስ ይህን ይሠራል፣ በኡቡንቱ ሰርቨርም አብሮ ይመጣል፤ የእርስዎ ላይ ምናልባት ሰው አጥፍቶት ይሆናል። ሆኖም ከሌላ ምንጭ የጨመሯቸውን፣ ለምሳሌ ከግል ማከማቻ የመጣን ፒኤችፒ፣ ካላዘዙት አይነካም፤ ሪቡትም ካልፈቀዱለት አያደርግም። እኔ ሪቡቱን በእጄ ማድረግ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም አገልግሎቶቹ ሁሉ መነሣታቸውን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

ለመጀመሪያው ቀን ሥራው በማይበዛበት ማክሰኞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይጀምሩ እላለሁ። ከዚያ በፊት የዳታቤዙን ደምፕ (ሙሉ ቅጂ) ወስደው በሌላ ማሽን ላይ በትክክል መመለሱን ይሞክሩ፤ የማዋቀሪያ ፋይሎቹ ያሉበትን የኢቲሲ ማህደርንም ይቅዱ። ከርነሎች የሚቀመጡበት የዲስኩ የቡት ክፍልፋይ በአሮጌ ከርነሎች ሞልቶ ከሆነ ዝመናው መሐል ላይ ስለሚቆም ቦታውን አስቀድመው ይመልከቱ። አፕት አፕዴት ዝርዝሩን ብቻ እንደሚያመጣ፣ የሚጭነው አፕግሬድ እንደሆነ ያስታውሱ፤ ፉል-አፕግሬድን ግን ፓኬጅ ሊያስወግድ ስለሚችል ለዛሬ ይተዉት። ስህተት ካጋጠመዎ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ሳይሆን ሙሉውን መልእክት ይለጥፉልን፤ ያን ዕለት ጠዋት በመስመር ላይ እጠብቅዎታለሁ።