የመኪናዬ ካርታ ድሬን አያውቃትም፦ ጥያቄና መልስ

ድሬዳዋ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ስክሪን መግጠም፣ የተበጠሰ ሽቦ መፈለግ፣ ባትሪ መቀየር፣ ቀኔ በዚህ ነው የሚያልፈው። ስለ መኪና ናቪጌሽንና ስለ ስልክ ካርታ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅሁት በላይ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ከዱባይ የመጣ ላንድክሩዘር ገዛሁ። ናቪጌሽኑን ስከፍት ባዶ ቦታ ላይ የቆመች ቀስት ብቻ ነው የምታየኝ። ሳተላይቱ ድሬ አይደርስም ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ ይደርሳል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው ምድርን ሙሉ ይዞራሉ። ዱባይ ላይ የሚወርደው ምልክት እዚህ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈርም ላይ ይወርዳል። መኪናህ የት እንዳለች በደንብ ታውቃለች። የጎደላት ካርታው ነው። ካርታው ዲቪዲ ወይም ሃርድ ዲስክ ላይ ተጭኖ የሚመጣው መኪናው ለሚሸጥበት አካባቢ ነው። ያንተዋ የባሕረ ሰላጤውን አገሮች ጎዳና ይዛ መጣች፣ እኛ ጋ ስትደርስ መንገዱ አለቀባት። ማረጋገጥ ከፈለግህ የጂፒኤስ መረጃ የሚለውን ገጽ ክፈት። 9.6 ሰሜን፣ 41.9 ምሥራቅ ገደማ ካሳየህ መቀበያው ጤነኛ ነው። ስልክህን ተጠቀም፣ ገንዘብህን አታባክን።

ጥያቄ፦ የቪትዜን ባትሪ ካስቀየርኩ ወዲህ ስክሪኑ የጃፓንኛ ጽሑፍ አውጥቶ ቀጥ አለ። ሬዲዮው እንኳ አይሠራም። ምን ነካው?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ስንቱ ሰው በዚህ ምክንያት ደህናውን ስክሪን አውልቆ ጥሏል። ብዙ የጃፓን ቶዮታዎች ላይ ካርታውና የስክሪኑ ሶፍትዌር ያለው ኤስዲ ካርድ ውስጥ ነው። ካርዱ ከወጣ ወይም ከተበላሸ ካርታው ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ሬዲዮውም ብሉቱዙም አብሮ ይቆለፋል። ወደ ሌላ ካርድ ኮፒ ብታደርገውም አይቀበልህም። ባትሪ ሲነቀል ደግሞ አንዳንዱ የመክፈቻ ኮድ ይጠይቃል።

አንድ ደንበኛዬ ስክሪኑ ሞተብኝ ብሎ መጣ። የካርዱን ክዳን ስከፍተው ባዶ ነው። ቤት ደውሎ ሲጠይቅ ልጁ ካርዱን አውጥቶ፣ ፎርማት አድርጎ፣ ስልኩ ውስጥ ዘፈን ሞልቶበታል። በልጁ አልፈርድም። የጃፓን መንገድ ያለበት ካርታ ድሬ ላይ ምን ይሠራል ብሎ ነው። ግን ያ ካርድ ቁልፍ ነው።

ስለዚህ ካርዱን አትንኩት። ባትሪ ስታስቀይሩ ባለሙያው አሮጌውን ከመንቀሉ በፊት በሌላ ባትሪ ደግፎ መኪናው ኤሌክትሪክ እንዳያጣ ያድርግ። አንዴ ከተቆለፈ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ረጅም ቁጥር ፎቶ አንሱት። ኮዱ የሚገኘው ከዚያ ቁጥር ነው።

ጥያቄ፦ የጃፓን መኪናዬ ሬዲዮ ጥቂት ጣቢያ ብቻ ነው የሚይዘው። እሱም ከናቪጌሽኑ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የጃፓን ኤፍኤም ከ76 ተነስቶ 90 ወይም 95 አካባቢ ያበቃል። የኛ እስከ 108 ይሄዳል። ባንድ ኤክስፓንደር የምትባል ትንሽ ዕቃ አንቴናው ላይ ትገጠማለች፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ይዣለሁ። ስክሪኑ እንደ ቴሌቪዥን ሰፊ ነው፣ ካርታው ግን ቻይና ብቻ ነው። ይሄን ሁሉ ብር ከፍዬ ስልኬን ላይ ላዩ ልለጥፍ?

መልስ፦ ቅሬታህ ልክ ነው፣ እኔንም ያሳዝነኛል። ከ2016 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ በየቀኑ የዚህ ዓይነት መኪና ይመጣልኛል። ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ቋንቋውም፣ ካርታውም፣ አካውንቱም የቻይና ነው።

የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ አብሮ የተሠራው ናቪጌሽን ከስልክ ሊበልጥ ይችል ነበር። ባትሪው ስንት እንደቀረው ያውቃል፣ ካርታው ካለው ዳገቱንም አስቦ ትደርሳለህ ወይም አትደርስም ይልሃል። ለኛ ደግሞ ይሄ ወሳኝ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ከፍታ አካባቢ ናት፣ ሐረማያ ወደ 2,000 ትጠጋለች። 1,700 ኪሎ የምትመዝን መኪና የደንገጎን ዳገት ይዛ 800 ሜትር ለመውጣት ብቻ ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች። ሜዳውን የምትሄድበት ከዚህ ውጭ ነው። ስልኩ ስለ ባትሪህ ምንም አያውቅም። ስለዚህ ሐረር ስትወጣ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ቀሪ ኪሎ ሜትር አትመን፣ ትርፍ ያዝ። ስትመለስ ቁልቁለቱ ከፊሉን ይመልስልሃል።

መፍትሔውን በተመለከተ፦ የአንዳንዶቹ ስክሪን አንድሮይድ ስለሆነ ሌላ የካርታ መተግበሪያ በፍላሽ ይጫንበታል። አንዳንዱ ዘግቶታል። የተዘጋውን ሰብሬ እከፍታለሁ የሚልህን በደንብ ጠይቀው፤ የመኪናው ሶፍትዌር ከተበላሸ ስክሪን ብቻ አይደለም የምታጣው።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ካርታ ስከፍት ዳታዬን ይጨርሰዋል። ያለ ኢንተርኔት አይሆንም?

መልስ፦ በደንብ ይሆናል። ቦታህን ለማወቅ ስልኩ የሳተላይት ምልክት ይቀበላል እንጂ ዳታ አይፈልግም። ዳታ የሚበላው የካርታው ሥዕልና የትራፊክ መረጃው ነው። ቤት ዋይፋይ ላይ ሆነህ ከድሬ እስከ ሐረርና ጅግጅጋ ያለውን አውርደው። ጎግል ካርታ ላይ አራት ማዕዘን መርጠህ ታወርዳለህ። ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስምአንድ ደግሞ አገሩን ሙሉ ያወርዱልሃል። ዳታ ዘግተህ ስታበራው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሊቆይ ይችላል፤ ሰማይ በሚታይበት ቆመህ ጠብቀው።

ጥያቄ፦ አቦ፣ በዚህ ሙቀት ስልኩ ክሩስኮት ላይ ሆኖ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ይጠፋል። ቻርጅ ላይ ሆኖም ባትሪው ይወርዳል።

መልስ፦ ከፓራብሬዛው ሥር አንሳው። የአይፎን አምራች ራሱ የሚመክረው የአካባቢ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ የኛ ፀሐይ ከመስታወት ኋላ ያንን ቶሎ ያልፈዋል። የኤሲ ቀዳዳ ላይ የሚያዝ መያዣ ግዛ። ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል። ቻርጁን በተመለከተ፣ የድሮ መኪና ዩኤስቢ ብዙ ጊዜ ግማሽ አምፔር ብቻ ነው የሚሰጠው። ከሲጋራ ማቀጣጠያው ሶኬት ላይ ጠንከር ያለ ቻርጀር ሰካ።

ጥያቄ፦ አዲስ አንድሮይድ ስክሪን አስገጥሜ ቦታዬን ሁለት ሰፈር ወዲያ ያሳየኛል።

መልስ፦ አንቴናው ነው። የአውራ ጣት የምታህል ጥቁር አራት ማዕዘን፣ ከሥሯ ማግኔት ያላት፣ በቀጭን ሽቦ የምትመጣ። የገጠመልህ ሰው ጠቅልሎ ከስክሪኑ ኋላ ብረት መሀል ቀብሯታል። አውጥተህ ክሩስኮቱ ጫፍ ላይ፣ ፊቷን ወደ ሰማይ አድርገህ አስቀምጣት። አስር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ብር አትክፈልበት።

ጥያቄ፦ ስልክ እንዲህ ጥሩ ከሆነ፣ እሱ ያለኝን ዝም ብዬ ልከተል?

መልስ፦ አይሆንም! በተለይ ክረምት ላይ።

ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ እንግዳ ስልኩ አጭር መንገድ ብሎት ከተማውን አቋርጦ ወደሚያልፈው ወደ ደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ወረደ። የኋላ ጎማው ሰጠመ። ደውሎልኝ ስደርስ ከላዩ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነው፣ እሱም ተረጋግቶ አሸዋ ይዝቃል። ደንገጎ በኩል ግን ጠቁሯል። የሰፈር ልጆች ጠርተን ገፍተን አወጣነው። ለምን እንደቸኮልኩ የገባው በኋላ ስነግረው ነው። ደቻቱ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደጋው ላይ በዘነበው ይሞላል። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ድሬ ያደገ ሰው ይሄን ያውቃል፣ ካርታው አያውቅም። ለእሱ ደረቅ አሸዋ ላይ ያለ የጎማ ዱካ መንገድ ነው። ድልድዩን ያዙ፣ ዙሪያ ቢሆንም።

ጥያቄ፦ ሐረር ጀጎል ውስጥስ? የመኪናው ይሻላል የስልኩ?

መልስ፦ ሁለቱም እግርህን አያህሉም። ጀጎል ውስጥ 368 መተላለፊያዎች እንዳሉ ይነገራል። አብዛኛው ለሰውና ለአህያ የተሠራ ነው። ግንቡ ሁለቱንም ወገን ስለሚከልለው ምልክቱ እየነጠረ ቀስቷ ከግድግዳ ግድግዳ ትዘላለች። ካርታው ላይ ደግሞ ቀጭኑም ሰፊውም መስመር ነው። ስሙም አያታልልህ፤ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪና ድምፅ ነው። ከፈረስ መጋላ አትለፍ። ካልሆነም ሸዋ በር ወይም የምትሄድበት በር አጠገብ አቁመህ በእግርህ ግባ።

ጥያቄ፦ የእናቴ ቤት ሳቢያን ነው። ሰው በካርታ ሲመጣ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ነው የሚደርሰው። ስሙንም ብንጽፍ አያገኘውም።

መልስ፦ እህቴ፣ በስም መፈለግን ተይው። ከዚራን ብቻ በእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጽፉት አይቻለሁ። ካርታው ላይ ቤቱን በጣትሽ ተጭነሽ ቆዪ፣ ፕላስ ኮድ የሚባል የቦታው አጭር መለያ ይወጣልሻል። እሱን ወይም ሎኬሽኑን በቴሌግራም ላኪላቸው። ወደ ቤቱ የሚገባው መንገድ ካርታው ላይ ከሌለም አስገቢው። ኦፕንስትሪትማፕን ማንም ሰው ማረም ይችላል፤ ጎግልም የጎደለ መንገድ ይቀበላል። እኔ ጋራዣችን ያለበትን ቅያስ ራሴ ነኝ ያስገባሁት፣ አሁን ደንበኛ ሳይደውል ይደርሳል። ነጥቡን ስትይዢ ግን ውጭ በሩ ላይ ቁሚ። ሳሎን ውስጥ ሆነሽ ከያዝሽው ቆርቆሮው ምልክቱን ስለሚያዛባው እንግዳው ጎረቤት ቤት ያንኳኳል።