«ይተዉት» ያልኩበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ቡና እየጠጣን አንዲት የሕግ ተማሪ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ሰውዬው ፈንጂ መኪናው ውስጥ ጭኖ እጅ ከፍንጅ ተይዟል። ታዲያ ይግባኝ ምን ያደርግለታል? ያን ሁሉ ዓመትስ ለምን ተጓተተ?» ረጅም ታሪክ ነው ብያት ወሬ ቀየርኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያሳሰበኝ የፈንጂው ሰውዬ አልነበረም፣ አንድ ታክሲ ነጂ ናቸው። ይህን የምጽፈው ለእሷና ሕግ፣ ትርጉም ወይም የፍርድ ቤት ሥራ ውስጥ ለምትገቡ ልጆቻችን ነው።

የጠየቀችኝ ስለ አሕመድ ረሳም ነው። አልጄሪያዊ ነው። ዲሴምበር 14 ቀን 1999 ማታ፣ ከካናዳዋ ቪክቶሪያ በመርከብ ተሻግሮ ፖርት አንጀለስ ወረደ። እኛ ካለንበት ከሲያትል ብዙ አይርቅም። ዳያና ዲን የምትባል የጉምሩክ ሠራተኛ ሁኔታው አላማራትም። ቤኒ ኖሪስ በሚል የውሸት ስም የጉምሩኩን ፎርም ሞልቶ ፈረመ። የኋላ ኮፈኑ ሲከፈት፣ የስኮርታ ጎማው ቦታ ላይ ነጭ ዱቄት የሞላባቸው ከረጢቶች ተገኙ። መጀመሪያ ዕፅ ነው ብለው ነበር። የፈንጂ መሥሪያ ነበር፣ በካሲዮ የእጅ ሰዓት የተሠሩ ማፈንዣዎችም አብረውት ነበሩ። ሮጠ፣ ተያዘ። ዒላማው የሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ እንደነበር የታወቀው በኋላ ነው።

ያን ሰሞን የሲያትል ከንቲባ ስፔስ ኒድል በሚባለው የከተማው ረጅም ማማ ሥር ሊደረግ የነበረውን የዘመን መለወጫ በዓል ሰረዙት። ከአዲስ አበባ ከመጣ ሁለት ሳምንት ያልሞላው የአጎቴ ልጅ ለዚያ ምሽት ብሎ ሱሪውን ተኩሶ አዘጋጅቶ ነበር። ቤት ቁጭ ብለን ሽሮ በላን፣ የነቢያት ጾም ነበርና። «ፈረንጅም ይፈራል እንዴ?» አለኝ። እስከ ዛሬ ይህ ጥያቄው ትዝ ይለኛል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሲያትል ውስጥ ወሬው ስለበዛ ችሎቱ ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ። በ2001 ኤፕሪል ጁሪው፣ ማለትም ከተራው ሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች፣ በዘጠኙም ክሶች ጥፋተኛ አለው። አንዱ ክስ በሽብር ሴራ ማደም ነው። ይግባኙ ዋሽንግተን ድረስ የሄደው ግን በዘጠነኛው ክስ ነው። ሕጉ ከባድ ወንጀል «ሲፈጽም» ፈንጂ የያዘ ሰው ተጨማሪ አሥር ዓመት ይታሰርበታል ይላል። ወንጀሉ ደግሞ የውሸቱ ፎርም ነበር። ጠበቆቹ፣ ፈንጂው ከፎርሙ ጋር ምን አገናኘው፣ ፎርሙን ለመሙላት ፈንጂ አያስፈልግም አሉ። በ2007 የይግባኙ ችሎት ተቀበላቸው። በ2008 ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና ዋናው ዐቃቤ ሕግ ማይክል ሙኬዚ ራሳቸው ቆመው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ 8 ለ 1 ሆኖ «ሲፈጽም» ማለት «በዚያው ጊዜ» ማለት ነው፣ ሌላ ግንኙነት አያስፈልግም ብሎ ወሰነ። ብቻቸውን የተቃወሙት ዳኛ ብሬየር ናቸው። ማዳበሪያ ጭኖ በሕጋዊ መንገድ የሚሄድ ገበሬ ለጓደኛው ሕገወጥ የሎተሪ ትኬት በፖስታ ቢልክ፣ በዚህ አተረጓጎም እሱም ሊያዝ ነው አሉ። እኔ ዛሬም ብሬየር ልክ ነበሩ ባይ ነኝ።

በአማርኛ ብታዩት ክርክሩ ሁሉ «ሲ» ላይ ነው። አንዲት ፊደል።

ልጄ፣ የጥያቄሽ ግማሽ መልስ ደግሞ ይኸው። ይግባኝ ለተከሳሽ ብቻ የተተወ አይደለም። በ2005 ዳኛ ጆን ኩገናወር 22 ዓመት ሲፈርዱበት መንግሥትም ቅጣቱ አነሰ ብሎ ይግባኝ አለ። በመጨረሻ በ2012 ቅጣቱ 37 ዓመት ሆነ። እኚሁ ዳኛ በ2005ቱ ፍርዳቸው፣ ይህን ሁሉ ያለ ወታደራዊ ችሎት፣ ጠበቃ ሳንከለክል፣ በግልጽ ችሎት ሠራነው ብለው ነበር። በጋዜጣ ሳነበው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያቀረረበትን ምክንያት ግን ለማንም አልተናገርኩም።

በ2002 መጀመሪያ፣ ዝናቡ በማያባራበት ወር፣ አንድ ጠበቃ ጋር በረዳትነት እሠራ ነበር። ደንበኛችን ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆኑ የደሴ ሰው ናቸው። አገር ቤት አስተማሪ ነበሩ፣ እዚህ ታክሲ ይነዳሉ። አንድ ሌሊት የሰከረ ተሳፋሪ አልከፍልም ብሎ ተጣሉ፣ ተያይዘው ወደቁ፣ የሰውዬው እጅ ተሰበረ። የተከሰሱት እሳቸው ሆኑ።

ተራቸው ደርሶ ሲመሰክሩ ድምፃቸው ጥርት ያለ ነበር፣ ያው የመምህር ድምፅ ነው። «እንዳይመታኝ እጁን ያዝኩት» አሉ። አስተርጓሚው በእንግሊዝኛ «እጁን ያዝኩት» አለ። በቃ፣ «እንዳይመታኝ» ወደቀ። ራስን መከላከል ማለት እኮ እሱ ነው! ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «እንዳይመታኝ» ብዬ ጻፍኩና ሁለቴ አሰመርኩበት። ጠበቃው ከፊቴ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ወረቀቷን ቀድጄ ማቀበል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አስተርጓሚው ግን የተከበሩ፣ ሰው የሚያስታርቁ፣ ቤቴ መጥተው እንጀራ የቆረሱ ሽማግሌ ነበሩ። በሰው ፊት ማሳፈር አስጨነቀኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ከምሳ በኋላ ለጠበቃው እነግረዋለሁ አልኩ። ከምሳ በኋላ ደግሞ ሌላ ምስክር ቀረበ፣ ነገሩ ያለፈ መሰለኝ።

አላለፈም። መዝገቡ የሚይዘው እንግሊዝኛውን ነው። ይግባኝ ሰሚ ዳኞች የሰውየውን ፊት አያዩም፣ ድምፁንም አይሰሙም፣ ወረቀት ነው የሚያነቡት። ስህተቱን እዚያው፣ በሰዓቱ ካላስመዘገባችሁ በኋላ ማንሳቱ ዳገት ነው።

ጁሪው ጥፋተኛ አላቸው። ዳኛው ይግባኝ ለማለት ሠላሳ ቀን አለዎት ብለው ነገሯቸው። ኮሪደር ላይ ክንዴን ያዝ አድርገው «አንተ ልጅ፣ የተማርከው አንተ ነህ። ምን ላድርግ?» አሉኝ።

«ይተዉት ጋሼ» አልኳቸው።

ጊዜው ክፉ ነበር። ከሴፕቴምበር 11 ወዲህ ጥቁርና ባዕድ የሆነ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። በዚያው ኖቬምበር የፌዴራል ፖሊሶች የሶማሌዎቹን ሐዋላ ቤት ወርረው ዘግተው ነበር። ስምዎ ከፍርድ ቤት ወረቀት ቶሎ ቢጠፋ ይሻላል አልኳቸው። ለእሳቸው ያሰብኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ፈርቼ ብቻ አልነበረም። ይግባኝ ቢባል ያቺ ወረቀት ልትወጣ ነው፣ «ሰምተህ ለምን ዝም አልክ?» ልባል ነው። ጠበቃው ይግባኝ ይፈልጉ እንደሆነ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። አንብቤ ስጨርስ አሁንም «ይተዉት» አልኩ። ሠላሳው ቀን አለቀ፣ የታክሲ ፈቃዳቸውም ተወሰደ። የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ሆኑ።

እናንተ የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አይታችሁ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ትፈርዳላችሁ፣ አንድ የፍርድ ውሳኔ ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ስፈልግ አንድም አላገኝም። ይህ ያናድደኛል። ግን እውነቱን ልናገርና፣ በዚያ ቀን ከእኔ ይልቅ ከእናንተ አንዱ ቸኳይ እዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ብድግ ብሎ «ተሳስቷል!» ይል ነበር። እኔ ጨዋ ነበርኩ። ጨዋነቴ ሰው ጎዳ።

ጠንክራችሁ ተማሩ ምናምን አልልም፣ እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። አማርኛችሁን ግን አትጣሉ። «እንዳይ» ስትወድቅ የሚሰማ ጆሮ ያስፈልጋል። ሰው ይግባኝ ልበል ወይ ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ ከመመለሳችሁ በፊት የቀረውን ቀን ቁጠሩለት። ውሳኔው የእሱ ነው። የፈንጂው ሰውዬ እንኳ ጠበቆቹ «ሲ»ን ይዘው እስከ ላይ ሄደውለታል፣ ተሸነፉ እንጂ በሩ አልተዘጋበትም። ደሴዬውን መምህር በሩ ላይ ያቆምኳቸው ፍርድ ቤቱ ሳይሆን እኔ ነኝ።

በ2008 ሜይ መጨረሻ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አገኘኋቸው። ጋቢ ለብሰዋል፣ አርጅተዋል።

«ያ የፈንጂው ሰውዬ ጉዳይ ዋሽንግተን ድረስ ሄደ ሲሉ ሰማሁ። ስለ ምን ነበር?»

«ስለ አንዲት ቃል ነው ጋሼ።»

«ስለ አንዲት ቃል» ብለው ደገሙና ዝም አሉ።

ያኔ ነገርኳቸው። ስለ ደብተሩ፣ ስለ መስመሩ፣ ስለ ሽማግሌው፣ ሁሉንም። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። መሬት መሬቱን እያዩ ቆዩና ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«ብያለሁ እኮ» አሉ። «እንዳይመታኝ ብያለሁ።»