መልስ፦ ለትራፍል ብሎ አልባ ከተማ መሄድ ያዋጣል?

በኖቬምበር ጣሊያን ስለምትሄጂ፣ አልባ ላይ ትራፍል (ከመሬት በታች የሚበቅል መዓዛማ እንጉዳይ) ፍለጋ መውጣት ያዋጣል ወይ ላልሽው፦ አዎ፣ በጣም! ነጩ ትራፍል የሚገኝበት ወቅት ነው፤ የከተማዋ የትራፍል ገበያም ክፍት ይሆናል።

የሚፈለገው በውሻ ነው፤ አሳማ መሬቱን ስለሚያበላሽ ጣሊያን ውስጥ ተከልክሏል። ውሻው መጫር ሲጀምር ትራፍል ፈላጊው ሰውዬ ቶሎ ይይዘውና ብስኩት ሰጥቶ፣ ትራፍሉን በትንሽ መቆፈሪያ ቀስ ብሎ ያወጣዋል። ከዚያ ጉድጓዱን በአፈር መልሶ ይደፍነዋል። ያኔ ጠጋ ብለሽ አፈሩን አሽትቺው፣ መዓዛው እዚያው ይጀምራል።

ከመክፈልሽ በፊት ግን ፍለጋው የእውነት ነው ወይስ ቀድሞ የተቀበረ ነው የሚወጣው ብለሽ ጠይቂ።

ስትቀምሺ ጥሬውን፣ በቅቤ በተሠራ ታያሪን (ቀጭን የእንቁላል) ፓስታ ወይም በእንቁላል ላይ በስሱ ተቆርጦ ይሁን፤ ካበሰሉት መዓዛው ይጠፋል። የትራፍል ዘይት አትግዢ፣ አብዛኛው ሰው ሠራሽ ሽታ ነው።