የሚያፈሰውን የድንጋይ ቦይ በሲሚንቶ አትድፈነው

ጎንደር አካባቢ የሚሠራ አንድ ግንበኛ እንዲህ ሲል ጠይቆናል፦ በቅስት ላይ የሚያልፍ አሮጌ የድንጋይ ቦይ ክረምት ሲገባ ከሥር ይንጠባጠባል። ነጭ ነገር ወርዶበታል፣ የድንጋዩም ፊት ይላጣል። ከዓመታት በፊት መጋጠሚያው በሲሚንቶ ተደፍኖ ነበር።

ወንድሜ፣ ጥርጣሬዬ ሲሚንቶው ላይ ነው። ድንጋዩ እየተላጠ መጋጠሚያው ግን ጠንክሮ ከቆመ ሌላ ምክንያት ፍለጋ አትድከም። የገባው ውኃ ድሮ በኖራው በኩል ይተን ነበር። አሁን ያ መውጫ ስለተዘጋ በድንጋዩ ሆድ ያልፋል፤ ጨው ይዞ ይወጣና ፊቱን ይገፋዋል። ነጩ ከውስጥ የታጠበ ኖራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የፋሲል ግቢም በሲሚንቶና በኮንክሪት ተጠግኖ ነበር፤ ኋላ ያን አንሥቶ ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆነ።

መዶሻ ከማንሣትህ በፊት ፎቶ አንሥተህ ፈቃድ አውጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ አይነካም። ከዚያ ቦዩን በየ2 ሜትሩ በጭቃ ገድበህ ሙላውና እደር። ጠዋት የጎደለው ክፍል ነው በሽተኛው።

ሲሚንቶውን በቀጭን መሮ አውጣ። ግራይንደር የድንጋዩን ጠርዝ ይበላል፤ ስንቱን አበላሽተው ሄደዋል! ጥልቀቱ የመጋጠሚያውን ስፋት እጥፍ ይሁን። የቅስቱ ድንጋይ ከተነቃነቀ ግን አቁም፣ ከሥር በእንጨት ደግፍ።

ኖራን ላስረዳህ። የኖራ ድንጋይ እቶን ውስጥ ወደ 900 ዲግሪ ሲግል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ 100 ኪሎ ንጹሕ ድንጋይ 56 ኪሎ ግድም ይቀራል። ውኃ ሲነካው ይፈላል። ግንቡ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ያንኑ ጋዝ ከአየር መልሶ እየሳበ እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ከእቶን የወጣው ተመልሶ እቤቱ ገባ ማለት ነው! ቀጭን ስንጥቅ ቢኖር እንኳ ዝናቡ ኖራውን አሟሙቶ መልሶ ይደፍነዋል፤ ሲሚንቶ ይህን ያህል አይችልም። ግን ሥራው ዝግተኛ ነው፣ ከፊት ወደ ውስጥ ነው፣ እርጥበትም ይፈልጋል። አየር በማያገኝበት ውኃ ውስጥ ደግሞ አይጠነክርም፤ ስለዚህ ለቦዩ ወለል በደንብ የተፈጨ የሸክላ ጡብ ዱቄት ጨምርበት። 1 እጅ ኖራ፣ 2 እጅ አሸዋ፣ 1 እጅ የጡብ ዱቄት ይበቃል። መጀመሪያ በትንሽ ቦታ ሞክረው።

በርካሽ የሚሸጠው ኖራ ብዙ ጊዜ መጋዘን ከርሞ የሞተ ነው። አንድ ቁራጭ ውኃ ውስጥ ጣል፤ ካልፈላ አትግዛው።

ያልበረደ፣ ማለትም ገና ውኃ ያልነካው ኖራ ዓይን ያጠፋል! ኖራውን ወደ ውኃው ጨምር እንጂ ውኃውን ኖራው ላይ አታፍስ። መነጽርና ጓንት ሳታደርግ በርሜሉ አጠገብ አትቁም፤ ሕፃናትም አይጠጉ።

ድንጋዩን አርጥበህ ሞልታውን፣ ማለትም በውኃ የተቦካውን የኖራ ድብልቅ፣ መጋጠሚያው ውስጥ ጠቅጥቅ። በእርጥብ ጆንያ ሸፍነህ ቢያንስ 10 ቀን አርጥበው። በጥቅምት ብትጀምር እስከ ሰኔ ጊዜ ያገኛል። ነጩን በደረቅ ብሩሽ ጥረግ፣ አሲድ ግን አታስነካው። ሞልታ ስታቦካም መነጽሩን አታውልቅ፤ ዓይንህ ውስጥ ከገባ ሳትዘገይ በንጹሕ ውኃ ቢያንስ 20 ደቂቃ ታጠብና ሐኪም ቤት ሂድ።