አያቴ «የደሴት ልጅ ነኝ» ትለኛለች

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ የምጽፍልዎት ከአዳማ ነው። አያቴ ተወልዳ ያደገችው ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ቱሉ ጉዶ የሚባል ደሴት ላይ ነው። ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ አማርኛም ኦሮምኛም ያልሆነ ቋንቋ ትናገራለች። ስጠይቃት «ዛይኛ ነው» ብላ ታልፈኛለች። ለጓደኞቼ ስነግራቸው «ዘይሴ ማለትህ ነው፣ አርባ ምንጭ ያሉት» ይሉኛል። ታቦተ ጽዮን እዚያ ደሴት ላይ ነበረች የሚባለውስ እውነት ነው? እባክዎ ያብራሩልኝ።

መልስ፦ መጀመሪያ ጓደኞችህን እናርማቸው። ዛይና ዘይሴ ስማቸው ቢቀራረብም ሌላና ሌላ ሕዝብ ናቸው። የዘይሴ ቋንቋ እነ ወላይትኛና ጋሞኛ ካሉበት ከኦሞቲክ ወገን ነው። የአያትህ ዛይኛ ሴማዊ ነው፣ የአማርኛ ዘመድ ነው። የቅርብ ዘመዶቹ ደግሞ ስልጥኛና የሐረሪ ቋንቋ ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ዝዋይ የት፣ ሐረር የት! ታዲያ ቋንቋቸው እንዴት ተዛመደ? ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ድሮ ከሐረር እስከ ጉራጌ አገር ድረስ የተቀራረቡ ቋንቋዎች የሚናገሩ ሰዎች ይኖሩ ነበር። የግራኝ ጦርነት (ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም.) መጣ፣ የኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት ተከተለ፣ መሀሉ ተለወጠ፣ የቀረው ዳር ዳሩ ሆነ፤ አንዱ በሐረር ግንብ ውስጥ፣ አንዱ በስልጤ በኩል፣ አንዱ ደግሞ ዙሪያውን ውሃ ከቦት። አያትህ ስልክ ላይ የሚያወሩት ቋንቋ ራሱ የታሪክ ሰነድ ነው።

ወደ ታቦቷ ልምጣ። ደሴቱ ሁለት ስም አለው። ቱሉ ጉዶ በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ማለት ነው፣ ከሐይቁ አምስት ደሴቶች ትልቁም እሱ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደብረ ጽዮን ይሉታል። በትውፊቱ ዮዲት ጉዲት በ10ኛው መቶ ዘመን ግድም አክሱምን ስታጠፋ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው እዚህ ድረስ መጡ፣ 70 ዓመት ያህል ጠብቀዋት አገር ሰላም ሲሆን መለሷት፣ ከአጃቢዎቹ እዚያው የቀሩት የዛይ አባቶች ሆኑ። በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ የለውም፣ ስለዚህ የምነግርህ እንደ ትውፊት ነው። ዛዮች ራሳቸውም የሚተርኩት አንድ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከግራኝ ጦርነት ሸሽተን ከሐረር በኩል መጣን የሚሉ አሉ፣ ከሸዋና ከጉራጌ የመጡም ተቀላቅለውናል የሚሉ አሉ። እኔ ሁሉም የየራሱ እውነት ያለው ይመስለኛል። አገር በታመሰ ቁጥር ታንኳ ያገኘ ሰው ወደ ደሴቱ ተሻግሯል።

እኔ የሄድኩት አሁን ባቱ ከሚባለው ከዝዋይ ከተማ በሞተር ጀልባ ነው። ገና ሳንደርስ የታየኝ እርከኑ ነው። ተራራው በድንጋይ ካብ ተሸንሽኗል። መሬቱ ጠባብ ነው፣ ዝናብ ደግሞ አፈሩን ጠርጎ ሐይቅ ሊከተው ይችላል፣ ስለዚህ አያት የካበውን ልጅ ይጠግናል፣ ልጅ የጠገነውን የልጅ ልጅ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ቄሱ የግዕዝ ብራና በጨርቅ እንደተጠቀለለ ይዘው ወጡ። ጨርቁን ሦስት ጊዜ ነው የፈቱት። የገጾቹ ጠርዝ በእጅ ብዛት ጠቁሯል፣ ቀዩ ቀለም ግን ትናንት የተጻፈ ይመስላል። ቄሱ ጥቂት አነበቡልኝና መልሰው ጠቀለሉት፣ አጠቀላለላቸው ሕፃን እንደማቀፍ ነበር።

ዛዮች የውሃ ሰዎች ናቸው። ታንኳቸውን የሚሠሩት ከሐይቁ ዳር ከሚቆረጥ ደንገል ነው። ደንገሉ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ስለዚህ ከተጠቀሙበት በኋላ ጎትተው አውጥተው ፀሐይ ያስመቱታል። ጎረቤቶቻቸው ኦሮሞዎች ላቂ ይሏቸዋል፣ ስሙንም ከመቅዘፍ ጋር ያያይዙታል።

ድሮ ከዳር ካሉት ከአርሲዎች ጋር ሰላም ስላልነበረ በብዛት ደሴቱ ላይ ተወስነው ኖሩ። አጼ ምኒልክ በ1870ዎቹ አርሲን ከያዙ በኋላ ነው ወደ ዳር ወጥተው መስፈር የጀመሩት። ዛሬ ብዙዎቹ ያሉት በመቂና በዝዋይ ዙሪያ ነው፤ ተጋብተዋል፣ ተዋልደዋል፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እንደ ውሃ ይጠጡታል። ቋንቋውን የጎዳውም ይሄው ነው። ልጆች ለትምህርት ይሻገራሉ፣ እዚያው ሥራ ይይዛሉ፣ ቤታቸው ውስጥ ዛይኛ አይሰማም። ዛይኛ የሚችለው ሰው አሁን በጥቂት ሺህ ነው የሚቆጠረው። ሐይቁም እንደ ድሮው አይደለም፤ ለመስኖና ለአበባ እርሻ ውሃው ይሳባል፣ ዓሣው ቀንሷል፣ እምቦጭም ገብቶበታል።

እና አንተ ልጄ፣ አያትህን አስፈቅደህ ከእህታቸው ጋር ሲያወሩ በስልክህ ቅዳ። ስለ ዓሣና ስለ ታንኳ ጠይቃቸው፣ የመቅዘፊያውን፣ የመረቡን፣ የነፋሱን ስም በዛይኛ ያስጻፉህ። «እንዲያው ዝም ብሎ ነው» ቢሉህ አትተዋቸው። ኅዳር 21 የጽዮን በዓል ነው። ጉልበቱ ካላቸው ይዘሃቸው ተሻገር። ጠዋት ተነሱ፣ ከሰዓት በኋላ ሐይቁን ነፋስ ያናውጠዋል።