ዝናቡ ካባራ በኋላ የመጣው ውኃ

ጥያቄ፦ «አውሎ ነፋሱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ተመስገን ብለን ከብቶቹን ወደ ታችኛው ግጦሽ መለስናቸው። በማግስቱ ጠብታ ሳይጥል ዋለ። ከመሸ በኋላ ግን ውኃው እየሰፋ መጥቶ ሁለት ጊደሮቼን ፈጀብኝ። ቀይ አፈርና የበቆሎ አገዳ ይዞ ነበር። ልጄ ገመዱን ሊቆርጥ ገብቶ በጭንቅ ወጣ። ሰዉ ግድብ ተለቆ ነው ይላል። አሁን ደግሞ ሌላ ማዕበል እየመጣ ነው ተብሏል። የቀሩትን ከብቶች ምን ላድርጋቸው?»

መልስ፦ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ልጅዎ ገመድ ሊቆርጥ ውኃ ውስጥ የገባበት መስመር ላይ ስደርስ ደንግጫለሁ። እርስዎ በአጭሩ አልፈውታል፤ ለእኔ ግን የደብዳቤው ዋና ጉዳይ እሱ ነው። ጊደር አሳድጎ ማጣት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ። ልጅዎ ተርፎ ስለወጣ ግን ተመስገን።

ስለ ግድቡ ልጀምር። ከላይ በኩል ግድብ ካለ ኃላፊዎቹን መጠየቁ አይከፋም፤ የእርስዎ ግን የግድብ ውኃ አይመስለኝም። ግድብ ውስጥ የተኛ ውኃ የተሸከመውን አፈርና ገለባ አብዛኛውን እዚያው ያስቀራል። እርስዎ ያዩት ቀይ አፈርና የበቆሎ አገዳ የያዘ፣ የሰው ማሳ አጥቦ የወረደ ውኃ ነው። በዚያ ላይ «እየሰፋ መጣ» ብለዋል። ይህ ደራሽ ነው።

ደራሽን ማን ያጣዋል? እዚህ ሳይዘንብ ከላይ የዘነበው ይወርዳል። አውሎ ነፋስን ተከትሎ የሚመጣው ግን ሊዘገይ ስለሚችል ሰውን ያዘናጋል። ከባሕር የተነሣው ማዕበል ወደ የብስ ገብቶ ደጋውን ሲያገኝ የቀረውን ዝናብ እዚያ ያወርደዋል። መሬቱ አስቀድሞ ጠግቦ ስለሚቆይ የወረደው ሁሉ አይሰርግም፤ ወደ ጅረቱ፣ ከጅረቱም ወደ ወንዙ ይሮጣል። ወንዙ ረጅም ከሆነ ታች እስኪደርስ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ሳይክሎን ኢዳይ ሞዛምቢክ ውስጥ ቤይራ ከተማ አጠገብ የብስ የረገጠው እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2019 ሌሊት ነበር፤ የቡዚና የፑንግዌ ወንዞች ሜዳውን ሐይቅ አድርገውት የታዩት ግን ነፋሱ ካለፈ ከቀናት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ፍሎረንስ የተባለው አውሎ ነፋስ አሜሪካ ሰሜን ካሮላይና በገባ በአምስተኛው ቀን ነው የኬፕ ፊር ወንዝ ፌይትቪል ከተማ ላይ ከፍተኛ ሙላቱን ያሳየው። የጠራ ሰማይ የሚነግርዎ የራስዎን ሰማይ ብቻ ነው። ከላይ ያለው ውኃ ገና መንገድ ላይ ነው።

አሁን ትንሽ ልቆጣ፣ አይቀየሙኝ። በየደብዳቤው የማነበው፣ በየመንደሩም የማየው ነገር ነው፤ ከብቱን ዝቅተኛ ቦታ ላይ ችካል ተክሎ አስሮ ማሳደር። የሰው ሰብል እንዳይገባ፣ እንዳይሰረቅም ብለው እንደሚያስሩ ይገባኛል። ነገር ግን ከብት ዋናተኛ ነው። ገመድ ካልያዘው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ከፍታ ፈልጎ ይወጣል። ጊደሮችዎን የገደለው ውኃው ብቻ አይደለም፣ አንገታቸው ላይ የነበረው ገመድም ነው። ልጅዎን ውኃ ውስጥ ያስገባውም ያው ገመድ ነው። ማዕበል ሊመጣ ሲል፣ ካለፈም በኋላ ወንዙ እስኪረጋ ድረስ፣ በታችኛው ግጦሽ ላይ አንድም እንስሳ ታስሮ አይደር። የግድ ማሰር ካለብዎ ከፍታ ላይ ይሁን፤ ቋጠሮውም ጫፉን አንዴ ሲስቡት የሚፈታ ይሁን።

ያንኑ ችካል ለሌላ ሥራ ይፈልጉታል። ሌላው ማዕበል ከመድረሱ በፊት፣ ቢቻል ነገ ጠዋት፣ ከልጅዎ ጋር ይህን ያድርጉ።

ያለፈው ጎርፍ መስመሩን ትቶልዎታል። የአጥሩን ቋሚዎችና የዛፎቹን ግንድ ይመልከቱ፤ ጭቃው አንድ ቦታ ላይ በክር እንደተሰመረ ያቆማል፣ ከበላዩ ንጹሕ ነው። ውኃው የደረሰበት ከፍታ ያ ነው። የሚመጣው ዝናብ ያጥበዋልና ዛሬውኑ በቢላዋ ምልክት ያድርጉበት።

ቀጥሎ ከብቶቹ ወደ ከፍታው በሚወጡበት መንገድ ላይ ይሂዱና ከሁሉ ዝቅ የሚለውን ቦታ ያግኙ። ብዙ ሰው ውኃው ቤቱን ሲነካ እወጣለሁ ብሎ ያስባል፤ ቤቱ ገና ደረቅ ሳለ ግን መንገዱ እዚያች ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይቆረጣል። እዚያ አጠገብ ካለው ዛፍ ላይ ከመሬቱ እስከ ጭቃው መስመር ስንት ስንዝር እንደሆነ ይለኩ። ሦስት ስንዝር ሆነ እንበል።

ከዚያ ውኃው መጀመሪያ ወደሚገባበት፣ ከደጅዎ ሆነው ወደሚያዩት የግጦሹ ክፍል ይውረዱ። ክንድ የሚያክል ውፍረት ያለው፣ የሰው ቁመት የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት ቆርጠው ጠልቆ እንዲገባ አድርገው ይትከሉት። የወንዙ ዳር ላይ አይትከሉት፤ ፈሳሹ ነቅሎ ይወስደዋል። አጠገቡ ካለው አጥር የጭቃውን መስመር ከፍታ ወደ ችካሉ ያሻግሩ። ከዚያ መስመር ሦስት ስንዝር ወደ ታች ሲወርዱ፣ ውኃው እዚያ በደረሰ ጊዜ መንገዱን መቁረጥ ይጀምራል ማለት ነው። ከዚያም ሁለት ስንዝር ዝቅ ብለው ነጭ ጨርቅ ይሰሩበት። ሁለቱ ቦታዎች እጅግ ካልተራራቁ ልኩ ብዙ አይሳሳትም፤ ቢሳሳትም ያቺ ሁለት ስንዝር ጊዜ ትገዛልዎታለች። ሙላቱ ባለፈው ፈጥኖ ከነበረ ጨርቁን ከዚህም ዝቅ ያድርጉት። ችካሉ አጭር ቢሆንና የጭቃው መስመር ከጫፉ በላይ ቢያልፍ ግድ የለም፤ የሚያስፈልግዎ የጨርቁ ቦታ ነው።

ከጨርቁ በታች ያለውን እንጨት በየአራት ጣቱ በቢላዋ ምልክት ያድርጉበት። ማታ ማታ በየሰዓቱ ከደጅ ሆናችሁ በባትሪ አብርታችሁ ስንት ምልክት ሰጠመ የሚለውን በከሰል በሩ ላይ ጻፉ። ሌሊቱን ተራ ግቡ፤ ያ ውኃ የመጣባችሁ ሌሊት ነው። ውኃው ነጩን ጨርቅ ከነካ እኩለ ሌሊትም ቢሆን፣ ከዋክብት እንደ ፈንዲሻ ተበትነው ቢያዩም፣ ሰውም ከብትም ይውጣ። ክርክር አያስፈልግም፤ ውሳኔውን ፀሐይ እያለ ወስናችኋል። ከባለሥልጣን ውጡ የሚል ማስጠንቀቂያ ቀድሞ ከመጣ ደግሞ ችካሉን አትጠብቁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በወንዙ ላይኛ በኩል የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ካለዎ ይደውሉለት። «ወንዙ እናንተ ጋ እንዴት ዋለ?» ብለው ይጠይቁት። ከእሱ ዘንድ ሞላ ከተባለ በኋላ ውኃው ወደ እርስዎ ችካል ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ይጻፉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ካደረጉት፣ ከችካሉ ቀድሞ የሚነግርዎ ሰው አገኙ ማለት ነው።

መቼ ይመለሱ? ባለፈው የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ውኃው መጉደል ስለጀመረ ብቻ አይመለሱ። ገባር ወንዞቹ እኩል አይደርሱም፤ የአንዱ ጎድሎ የሌላው ሊመጣ ይችላል፣ ጎድሎ የቆየው ችካል እንደገና ሲሰጥም አይቻለሁ። በበሩ ላይ የጻፉት ቁጥር አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ከቀነሰ፣ ከላይ ያለው ወዳጅዎም ጎደለ ካለ፣ የመመለሻ ፈቃድም ከተሰጠ ከብቶቹን መልሱ። እስከዚያ ድረስ ከፍታው ላይ ደረቅ ድርቆሽ ብሉ ቢባሉ አይሞቱም።

ልጅዎን ደግሞ ቁጭ አድርገው ይንገሩት። በፍጥነት የሚሄድ ውኃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ቢኖረው አዋቂን ሊጥል ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ለጊደር ተብሎ ውኃ ውስጥ አይገባም።

የሞቱት ጊደሮች ሬሳቸው ከተገኘ አይገፈፉ፣ ሥጋቸውም አይበላ። በባዶ እጅ ሳይነኩ፣ ከጉድጓድ ውኃና ከወንዙ ርቆ በጥልቀት ይቀበሩ። ጎርፍ የገባበትን ጉድጓድ ውኃ ሳያፈሉ አይጠጡ። የራሰና የሻገተ ድርቆሽ ለቀሩት አይስጡ፤ ክምሩን በእጅ ከማንሳትዎ በፊትም በረጅም እንጨት ይነካኩት፣ እባብ ውኃ ሸሽቶ እዚያ ይገባል። ከቀሩት ከብቶች መካከል አንዱ በድንገት ቢያነክስ ወይም ጭኑ ቢያብጥ ግን ሳይውል ሳያድር የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። ጎርፍ አፈሩን ሲያገላብጠው አባ ጎርባ ሊነሣ ይችላል፤ ክትባት ስላለው ስለ እሱም አብረው ይጠይቁ።

ችካሉን ከተከሉ በኋላ ከመጪው ማዕበል በፊትና በኋላ በሩ ላይ የጻፏቸውን ቁጥሮች ይላኩልኝ። ጨርቁ የታሰረበት ቦታ ዝቅ ወይም ከፍ ማለት ካለበት ተነጋግረን እናስተካክለዋለን።